ተከራዮቼን ወደ ግቢ መልሱልኝ

ይድረስ ለዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊዎች፣ ዶርም ለምትመድቡ ሁሉ፣ እንዲሁም እንደኔ ለተማሪ ለምታከራዩ የጎንደር ሰዎች፤

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ከረማችሁ?

እኔ ማራኪ አካባቢ የምኖር አስተማሪ ነኝ። ከወላጆቼ በወረስኩት ቤት ጓሮ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። ሁለቱንም የማከራየው ለተማሪ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ገብቶባቸው አያውቅም። ዛሬ የምጽፍላችሁ እነዚህን ልጆች ከኔ ቤት ወስዳችሁ ወደ ግቢያችሁ እንድትመልሱልኝ ለመለመን ነው። ኪራዩ እንደሚቀርብኝ አውቃለሁ። የትንሹን ልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ የምሸፍነው በሱ ነው። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረንበት፣ አስቤበት ነው የምጽፈው።

አሁን ያሉት ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ አምስተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ፣ ሌላዋ አራተኛ ዓመት ነርሲንግ። ስማቸውን አልጽፍም፣ የሚማሩበትንም ግቢ አልጠራም። የምለው ነገር በአገራችን ብዙ ግቢዎች ውስጥ ያለ ነውና አንዱን ለይቶ መውቀስ አልፈልግም። ልጆቹ እትዬ ይሉኛል፣ እኔም እንደ ልጆቼ ነው የማያቸው።

ለመጻፍ ያስነሳኝ የአንድ ሌሊት ነገር ነው። መብራት የለም፣ ውሃ ከሄደ አምስተኛ ቀኑ ነበር። የጎንደር ሰው የውሃ ነገር አይነገረውም፤ የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ከተማው እየሰፋ፣ የመገጭን ግድብ ስንጠብቅ ስንጠብቅ ዓመታት አለፉ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲተነፍስ ሰማሁና ጀሪካን ልደረድር ወጣሁ። ነርሷ ቀድማኝ ቆማለች። ባልዲው እስኪሞላ ድረስ በስልኳ መብራት ወረቀት ታነባለች። ለመመረቅ የሚፈተኑት የኤግዚት ኤግዛም ጥያቄ ነው። ሲነጋ ደግሞ ዋርድ መግባት አለባት። "የኔ ልጅ፣ ትንሽ ጋደም አትይም?" አልኳት። "እትዬ፣ ጋዋኔን አሁን ካላጠብኩ ለጠዋት አይደርቅልኝም" አለችኝ።

እዚያው ጨለማ ውስጥ ቆሜ አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህች ልጅ አልጋ ነበራት እኮ። ግቢ ውስጥ፣ ከሆስፒታሉ ብዙም ሳይርቅ፣ በስሟ የተያዘ አልጋ ነበራት። ትታው ነው እኔ ጋ የመጣችው።

ሰው ሲኒየር ተማሪ ዶርም ለቆ የሚወጣው ነጻነት ፈልጎ ይመስለዋል። ማታ ማምሸት፣ ጓደኛ ማምጣት፣ የራስን ወጥ መሥራት። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን የገባውን የወጣውን ሁሉ መጠየቅ ጀመርኩ፣ ቡና እየጠጣን፣ ቀስ ብዬ። አንዱ ትኋን ይላል። አንዷ ጩኸት ትላለች። ሌላው ቁልፍ፣ ሌላው ሻወር። ትንሽ ቆፈር ስታደርጉት ግን ከስር የምታገኙት አንድ ነገር ነው፦ በየዓመቱ መበተን ሰልችቷቸዋል።

ግቢ የኖረ ያውቀዋል። ተማሪ ይጠራል፣ ዝርዝር ብሎኩ በር ላይ ይለጠፋል፣ ሁሉም ተጋፍቶ ስሙን ይፈልጋል። አምና ከማን ጋር እንደኖርሽ ማንም አይጠይቅሽም። ማን ሌሊት እንደምታነብ፣ ማን መብራት ሲበራ እንቅልፍ እንደማይወስዳት፣ ማን አስም እንዳለባት፣ ይህን ሁሉ አንድ ዓመት ሙሉ ተቻችላችሁ፣ ተጣልታችሁ፣ ታርቃችሁ ተማምራችኋል። ልክ ስትግባቡ ትበተናላችሁ። ፍራሽ በጀርባ፣ ሻንጣ በእጅ፣ ከብሎክ ብሎክ። ከዚያ ስድስትም ሆናችሁ ስምንት ከማታውቋቸው ሰዎች ጋር እንደገና ከሀ መጀመር። አንደኛ ዓመት ላይ ይህ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ያስፈልጋል፣ ከሌላ አካባቢ ከመጣ ልጅ ጋር መኖር ልብ ያሰፋል። አራተኛ ዓመት ላይ ግን ሰው የሚያድርበትን ክፍል እንደ አዲስ ማላመድ ሳይሆን ሥራውን መጨረስ ነው ያለበት።

ኢንጂነሯ የወጣችው በኢንተርንሺፕ ምክንያት ነው። አንድ ሴሚስተር ሌላ ከተማ ፕሮጀክት ላይ ሠርታ ስትመለስ አልጋዋ ተይዞ ጠበቃት። በደል ፈጸሙብኝ ብላ አልነገረችኝም፤ ቦታ ጠቦ ነው፣ ሌላ ልጅ አስገብተው ነው። ሌላ ክፍል ተሰጣት፤ ከፍሬሾች ጋር። ፍሬሾቹ ጥፋት የለባቸውም። ገና ከቤት የወጡ ልጆች ናቸው፣ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ እናታቸው ጋ ይደውላሉ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ ያወራሉ። እሷ ደግሞ የመመረቂያ ፕሮጀክት አለባት፣ ላፕቶፕ የምታስቀምጥበት ጠረጴዛ እንኳ የለም፣ አልጋዋ ላይ አጎንብሳ ነው ድሮዊንግ የምትሠራው፤ ላይኛው አልጋ ላይ። ሦስት ሳምንት ሞከረች። ከዚያ አንድ ደላላ ወደኔ ላካት።

እኔ ጋ መጥታ አረፈች? አላረፈችም። ጫጫታው ቀረላት፣ በምትኩ ሌላ ነገር መጣባት። ግቢ ሆና ቢሆን ማታ ላይብረሪ ታመሻለች፣ ስፔስ የሚሉትን የማንበቢያ ቦታ ይዛ ትቸክላለች፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ሄዳ ትተኛለች። አሁን ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደብተሯን ሰብስባ መውጣት አለባት። ጊዜው እንደምታውቁት ነው፤ ማታ መንገድ ላይ መሆን እንደ ድሮው አይደለም፣ ለሴት ልጅ ደግሞ ድሮም ቀላል አልነበረም። ባጃጅ ከተገኘ ተገኘ። ዋይፋይ የለም፣ ዳታ በራሷ ገንዘብ ነው። ነን ካፌ ናት፤ የምግብ ብር ትቀበላለች፣ ያቺ ብር ግን በዛሬ ገበያ የት ታደርሳለች? ሽሮ፣ ፓስታ፣ ሽሮ። ለሁለት የሚከፍሉኝን ኪራይ ቤተሰቦቻቸው ከየት እንደሚያመጡት አንዳንዴ ሳስብ እጄን ይከብደኛል። ያንዷ አባት ገበሬ ናቸው።

ስለዚህ እኔን እንደ መፍትሔ አትቁጠሩኝ። የሰርቪስ ክፍል የዶርም ምትክ አይደለም። ተማሪ ውጭ ተከራይቶ ሲወጣ ለመኝታ ምደባ "ቦታ ተገኘ" ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ከዚህኛው አጥር ሆኜ የማየው ልጁ ያጣውን ነው።

እኔ ራሴ የተማርኩት ሌላ ከተማ ነው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ። መጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እንደማንኛውም ሰው ተበተንኩ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ግን አንድ ትልቅ ሰው ፕሮክተር፣ የዶርም ተቆጣጣሪ ማለት ነው፣ ነበሩን፤ ጋሼ ነበር የምንላቸው። ስድስት ሆነን ሄደን "ጋሼ፣ አምና የነበርንበትን ክፍል ተዉልን" ብለን ለመንናቸው። ወረቀት ስጡኝ አሉ። ስማችንን ጽፈን፣ ፈርመን ሰጠናቸው። ወስደው ተከራክረው አስፈቀዱልን። እንዴት እንዳስፈቀዱ እስከዛሬ አላውቅም።

ያ ክፍል ነው ያስመረቀኝ ብል ማጋነን አይደለም። ሕግ አወጣን። ማታ አምስት ሰዓት መብራት ይጠፋል፣ ማንበብ የፈለገ ኮሪደር ወይም ስፔስ። ቅዳሜ ሁላችንም እናጸዳለን። አንዷ የሚጥል በሽታ ነበረባት፤ መጀመሪያ ዓመት ላይ የማያውቋት ልጆች መሃል ወድቃ፣ ደንግጠው ሸሽተውባት ነበር። እኛ ግን አውቀናታል። ታችኛው አልጋ የሷ ነው፣ ስትወድቅ በጎኗ ማስተኛት ነው፣ ክብሪት አይጫርም፣ ማንም አይጮህም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ በሱ አፍራ አታውቅም። ሌላዋ በአንድ ሴሚስተር ውጤቷ ወርዶ ልትባረር ደርሳ ነበር፤ ተራ ገብተን ሌሊት እየቀሰቀስን አስጠናናት። አምስታችን አብረን ተመረቅን፣ ስድስተኛዋ በዓመቱ። እስከዛሬ ለሠርግም ለለቅሶም እንጠራራለን።

ይህ ሁሉ የመጣው ከአንዲት ወረቀት ነው። አዲስ ሕንጻ አልተሠራም። በጀት አልተጠየቀም።

እኔ የምለምናችሁም ያችኑ ወረቀት ነው። ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ አብሮ መኖር የሚፈልገውን ሰው ስም ጽፎ ይስጥ፤ የተሰጠው ክፍል እስኪመረቅ የሱ ይሁን። ክረምት ሲወጣ ቁልፉን ያስረክብ፣ ክሊራንስ ይጨርስ፣ ሲመለስ ግን ወደዚያው ክፍል ይመለስ። ኢንተርንሺፕም ሆነ አፓረንትሺፕ የሄደ ሰው አልጋው ይጠብቀው። ለአንድ ሴሚስተር ሌላ ሰው ማስገባት ግድ ከሆነ ደግሞ የሚገባው ሰው "ይህ አልጋ እስከዚህ ወር ነው" ተብሎ ከመጀመሪያው ይነገረው።

ይህን ስል የምትመልሱልኝን አውቃለሁ። ዘር እየተሰባሰበ፣ አገር እየተሰባሰበ ይገባል፤ ተማሪን ቀላቅለን የምንመድበው ለዚህ ነው ትላላችሁ። ፍርሃታችሁ ከንቱ አይደለም። በግቢዎቻችን ውስጥ ያየነውን አይተናል፣ ልጆች ትምህርት ትተው ሻንጣ ይዘው የተሰደዱበትን ጊዜ ማንም አልረሳም። ግን እስቲ አስቡት፤ ሁለት ዓመት ተቀላቅለው የኖሩ ልጆች ሦስተኛ ዓመት ላይ የሚመርጡት የአገራቸውን ልጅ ብቻ ነው? እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ነርሷና ኢንጂነሯ ከተለያየ ክልል የመጡ ናቸው፣ አፍ የፈቱበትም ቋንቋ ይለያያል። ግቢ ውስጥ አንድ ዓመት አብረው አድረው ተዋደዱ፤ በምደባ ተለያዩ፤ ከዚያ እኔ ጋ ተፈላልገው ነው አንድ ክፍል የገቡት። የናንተ መቀላቀል ያመጣውን ፍሬ የናንተው መበተን ወሰደባቸው። ካስፈራችሁ ደግሞ ወረቀቱን ስትቀበሉ ተመልከቱት፤ ስድስት ስም ላይ አራቱን እነሱ ይምረጡ፣ ሁለቱን እናንተ ጨምሩ። መላ አይጠፋም።

ሌላው ነገር ብሎክ ነው። ሲኒየሮችን አንድ ብሎክ ስጧቸው። ምድር ቤቱ ላይ ካሉት ክፍሎች ሁለቱን ከአልጋ ነጻ አድርጋችሁ ጠረጴዛና ሶኬት አስገቡበት፤ የማንበቢያ ክፍል ማለት ይኸው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኤግዚት ኤግዛም ያላለፈ ዲግሪውን አያገኝም፤ ከመቶ 50 ማምጣት አለበት። አራትና አምስት ዓመት የተለፋበት ነገር በአንድ ፈተና ላይ ተንጠልጥሏል። ታዲያ ይህን የሚፈተን ልጅና ገና ኮርስ የሚመርጥ ልጅ አንድ መብራት ስር ለምን ይጣሉ?

የጤና ተማሪዎችን ደግሞ ለብቻ አስቧቸው። ዱቲ አድራ ጠዋት ሁለት ሰዓት የምትገባ ልጅ ልትተኛ ስትል ሌሎቹ የሚነሱበት ሰዓት ነው። በር ይከፈታል፣ ሎከር ይንኳኳል፣ ሬዲዮ ይከፈታል። ዱቲ ያላቸውን አንድ ላይ ብታደርጓቸው ቀን መተኛታቸው ለሁሉም የገባ ነገር ይሆናል። የሚታከመው ሰው እኮ የኛው ሰው ነው። እናቴ ስትታመም መርፌ የምትወጋት ልጅ እንቅልፍ አግኝታ እንድትመጣ እፈልጋለሁ።

ይህ ነገር ለጎንደር እንግዳ አይደለም። በ1953 እንደ ፈረንጆቹ ደምቢያ፣ ቆላ ድባ አካባቢ የገባው ወባ ስንቱን ሰው እንደጨረሰ ትልልቆቹ ያስታውሱታል። በዓመቱ በ1954 እዚህ ጎንደር የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው የዚያ ልጅ ነው። ያ ኮሌጅ ያመጣው ትልቁ ነገር የቡድን ስልጠና ነው። ጤና መኮንኑ፣ ነርሷ፣ ሳኒቴሪያኑ ለየብቻ አልተላኩም። አንድ ቡድን ሆነው ወደ ወረዳ ጤና ጣቢያ ሄዱ፣ አብረው ኖሩ፣ አብረው ቤት ለቤት ዞሩ። እስከዛሬም የጤና ተማሪዎች ቲቲፒ (የቡድን ስልጠና) እያሉ የሚወጡት ይኸው ነው። የሚገርመኝ ታዲያ፣ አብሮ የሚሠራ አብሮ ይኑር የሚለውን ነገር ገጠር ድረስ ወስደን የሠራንበት ሰዎች፣ የራሳችን ዶርም ላይ ስንደርስ መርሳታችን ነው።

ከዚያም በፊት ቢሆን ይህ ከተማ ተማሪ ያኖረ ከተማ ነው። በዓታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ዜማ ሊማር ከየአገሩ የሚመጣውን የአብነት ተማሪ አስቡት። ጎጆውን ከባልንጀራው ጋር ይሠራል፣ ያገኘውን ቁራሽ አብሮ ይበላል፣ የዘለቀው ታናሹን ያስቀጽላል። ዓመት በመጣ ቁጥር ከጎጆው አውጥቶ ሌላ ጎጆ የሚመድበው ሰው የለም። ኑሮው ከባድ ነው፣ ማንም እንዲያ ይኑር አልልም። ያ ተማሪ ግን ዓመቱን ሙሉ ጎጆው የት እንደሆነች፣ ከማን ጋር እንደሚያድር ያውቃል።

ፋሲል ግቢንም ተማሪዎቼን ይዤ በሄድኩ ቁጥር አንድ ነገር አስባለሁ። ልጅ ሲነግሥ የአባቱን ቤት አላፈረሰም፣ ከአጥሩም አልወጣም። ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ኢያሱ ቤተ መንግሥቱን፣ ዳዊት የዘፈን ቤቱን፣ በካፋና ምንትዋብም እንደዚሁ፣ እያንዳንዱ በዚያው አጥር ውስጥ የራሱን ቤት ጨመረ። ሲኒየሮቹ የሚሉትም ያንኑ ነው፤ አጥሩ ውስጥ ሆነን የራሳችን በር ይኑረን።

ስለ ገንዘብም ላንሳ። ዶርም ችሮታ የሚመስለው ሰው አለ፤ መንግሥት በነጻ እያስተኛችሁ ምን አነሳችሁ የሚል። በነጻ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወጪ መጋራት ተማሪው የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ሊከፍል ፈርሞ ነው የሚገባው፤ ሥራ ሲይዝ ከደሞዙ ይቆረጣል። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ በአገልግሎት ከፍያለሁ። ባልከፍል ኖሮ ያቺ የብረት አልጋ ዕዳ ሆና ትከተለኝ ነበር። የሚከፍልበት ነገር ላይ አስተያየት የመስጠት መብት ያለው ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት ራስ ገዝ የሚባል ነገር መጥቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ገብቶበታል፣ ሌሎቹም በተራ ነው ይባላል። አንዳንድ ሰው "እንግዲህ የከፈለ ሁለት ሰው የሚይዝ ክፍል ያግኝ" ሲል ሰምቻለሁ። ሙሉ በሙሉ አልቃወምም። እኔን ለሰርቪስ ክፍል የሚከፍሉኝን ያህል ለግቢው ቢከፍሉ ይሻላቸዋል፤ ውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ላይብረሪው አጠገባቸው ነው። ነገር ግን የሚከፈልበት ክፍል የሚመጣው ሌላውን አጨናንቆ ከሆነ አይምጣ። የገበሬው ልጅ አሥር ሆኖ አንድ ክፍል ታጭቆ፣ የነጋዴው ልጅ ሁለት ሆኖ የሚተኛበት ብሎክ እዚያው ፊት ለፊት ቢቆም ከትኋኑ በላይ የሚያሳክክ ነገር ነው የሚሆነው። መጀመሪያ ለሁሉም ክፍሉን አጽኑለት፣ ጓደኛውን አስመርጡት። ከዚያ ትርፍ ካለ የሚከፈልበትን አስቡ።

ሁለት ነገር ቶሎ ቶሎ ልበልና ልለፍ። አንደኛ፣ መራመድ የሚቸገር ወይም ማየት የተሳነው ተማሪ ምድር ቤት ያገኘውን ክፍል ሌላ ዓመት ላይ መልሶ መለመን የለበትም፤ ደረጃውን፣ ሽንት ቤቱን፣ የካፌውን መንገድ አንዴ በእግሩ ለክቶታል። ሁለተኛ፣ ተምረው ሳይጨርሱ የወለዱ ልጆች አሉ። ከኔ ተከራዮች አንዷ የሦስት ወር ሕፃን ይዛ ነው አራተኛ ዓመትን የጨረሰችው፤ ክፍል ስትገባ ልጁን እኔና ጎረቤቴ ነበርን የምንይዝላት። ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ ዛሬ ሥራ ይዛለች። በየግቢው ለእናቶች ሁለት ሦስት ክፍል ማዘጋጀት ያን ያህል ከባድ ነው? ሴት ልጅ ትምህርቷን ከምታቋርጥ ክፍሎቹ ግማሽ ዓመት ባዶ ቢቀመጡ ይሻላል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ጎረቤቶቼ።

ከተማችን ለተማሪ ያላትን ልብ አውቃለሁ። የቃል ኪዳን ቤተሰብ ተብሎ ከሩቅ የመጡ ልጆችን እንደ ልጅ ተቀብለን በበዓል ቤታችን ስናበላ የነበርን እኛው ነን። ዶሮ ወጥ አብልተን የላክነው ልጅ በነጋታው የሰው ቤት ተከራይ ሲሆን ግን ሌላ ሰው እንሆንበታለን። መብራት አራት ሰዓት ላይ አጥፉ እንላለን። እንግዳ አይምጣ፣ ምጣድ አይጣድ፣ ልብስ በሳምንት አንዴ። በሴሚስተሩ መሃል፣ ልጁ ፈተና ላይ እያለ፣ "ከመጪው ወር ጀምሮ ይህን ያህል ጨምር" እንላለን፤ መሄጃ እንደሌለው ስለምናውቅ።

የጥምቀትንም ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጥር ሲደርስ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ አልጋ ይወደዳል። ተማሪውን "ለሳምንት ጓደኛህ ጋ እደር" ብሎ ክፍሉን ለእንግዳ የሚያከራይ ሰው አለ። እኔም አንድ ዓመት አድርጌዋለሁ። ልጁ ምንም አላለኝም፣ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። በኋላ ስሰማ ያን ሳምንት ሚድ ፈተና ነበረበት፣ አንድ ቀን እዚህ አንድ ቀን እዚያ እያደረ ነው የተፈተነው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ግን እስከዛሬ ጥምቀተ ባሕሩ ሳይሆን የሱ ቦርሳ ነው ጥር በመጣ ቁጥር ትዝ የሚለኝ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። አፈጻጸሙ በየክልሉ ይለያያል፤ እኛ ግን መንግሥት እስኪቆጣጠረን ምን ያስጠብቀናል? ሁለት ዓመት ማለት ለአንድ ሲኒየር እስከ ምርቃቱ ማለት ነው። እኔ ከዚህ ዓመት ጀምሮ በወረቀት ተፈራርሜያለሁ፤ ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ውሃ በማን ጀሪካን እንደሚጠራቀም ሳይቀር። ሁለታችንም ቀለለን። ግቢው ቦታ እስኪያገኝላቸው ድረስ እኛ ጋ ያሉት ልጆች ቢያንስ እንዲህ ይኑሩ።

ለእናንተ ለምደባ ሰዎችም እዚህ ላይ የምጠይቀው አለኝ። ሁሉም ሲኒየር ግቢ አይገባም፤ ያገባ አለ፣ ሠርቶ የሚማር አለ፣ መውጣት የፈለገም አለ። ለነሱ ደግሞ የአከራዮች መዝገብ ያዙላቸው። ቤቱን አንድ ሰው መጥቶ ይየው፤ በሩ ይዘጋል ወይ፣ ሽንት ቤቱ ለስንት ሰው ነው፣ ከግቢው በእግር ስንት ደቂቃ ነው። እኔ መጀመሪያ እመዘገባለሁ፣ መጥታችሁ እዩት። ልጆቹ ለደላላ የሚከፍሉት ገንዘብ ይቀርላቸዋል። እኔም የማስገባው ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ከሁሉም በፊት ግን ወረቀቷን አትርሱብኝ። ሰኔ ላይ፣ ተማሪው ሳይበተን፣ ፎርሙን ስጡት። ስሙን ይጻፍ፣ የጓደኞቹን ስም ይጻፍ፣ ክፍሉን ይጻፍ። መስከረም ላይ ሲመጣ ብሎኩ በር ላይ ከሚጋፋ፣ ቤቱ ሆኖ የት እንደሚገባ አውቆ ይምጣ። በአንድ ብሎክ ጀምሩት። ካልሠራ ተዉት።

ኢንጂነሯ በዚህ ዓመት ትመረቃለች፣ ነርሷም እንደዚሁ። ከነሱ ስር ያለች አንዲት ሦስተኛ ዓመት ልጅ ባለፈው ሳምንት መጥታ ክፍሉን አይታዋለች። ሦስት ጓደኞች አሏት፣ አምና አንድ ዶርም ነበሩ፣ ዘንድሮ በሦስት ብሎክ ተበትነዋል። "እትዬ፣ ቀብድ ልክፈል?" አለችኝ። አይ፣ ገንዘብሽን ያዢ አልኳት። ደብዳቤ ልጽፍ ነው፣ መልሱን እንጠብቅ አልኳት። እስከ መስከረም ድረስ ክፍሉን ለማንም አልሰጥም፤ ግቢ ውስጥ አራቱንም አንድ ላይ ካስገባችሁልኝ ባዶውን ይክረም።